በብሎን ስለታሰሩት ወንበሮች

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲሱ የወለል ንጣፍዎ የሚያበራ እንዲሆን እመኛለሁ። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት ከዚህ ቀደም አሽጌ የላክኋቸውን ስላልከፈቷቸው ነው። አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ለእርስዎ እነግርዎታለሁ፤ ሥራ የሚበዛብዎት ሰው ስለሆኑ ወዲያው እንደሚረሱልኝ ተስፋ አለኝ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች ማክሰኞ ማክሰኞ ከሚሰበሰቡበት ክፍል በር ሥር ተቀምጬ ጆሮዬን ጥዬ እሰማ ነበር። ሚስቶች እንዳይገቡ ወንዶቹ ተስማምተዋል፤ እኔም ሹራብ የምሠራ መስዬ ነበር የምጠብቀው። ባለቤቴ አናጺ ነበር፤ ቤት ውስጥ አፉ በምስማር የተመታ ይመስል ነበር። ሆርሞን የሚያቆመውን መርፌ ከጀመረ ወዲህ ጀርባውን ሰጥቶኝ መተኛት ሲያበዛ፣ ሌላ ሴት ለምዷል ብዬ ፍራሼን ወደ ልጆቹ ክፍል አወጣሁ። አንድ ማክሰኞ ግን ድምፁን ሰማሁ፦ «ሴትዮዋ የጠላኋት መስሏታል። መርፌው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። በየትኛው አፌ ልንገራት?» ከታማሚዎቹ አንዱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ቀበል አድርጎ «እኔም ያንን አፍ ስፈልግ ይኸው ሸበትኩ» ሲለው ሁሉም ሳቁ፤ የእኔም ሰው ሳቀ። የዚያኑ ዕለት ፍራሼን መለስኩ። መስማቴን ግን አልነገርኩትም፤ አዝኜለት የተመለስኩ እንደመሰለው አረፈ።

ይህን ማለቴ ስለዚያ ክፍል ከኮሚቴዎ የተሻለ መረጃ እንዳለኝ እንዲያውቁልኝ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ወንዶቹ «እትዬ፣ ከበር ላይ ተነሽና ሻይ አፍይልን፤ ሹራቡ እንደሆነ አያልቅም» ብለው አስገቡኝ። ለካስ ያውቁ ኖሯል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ወንበሮቹ። ወንዶቹ ወንበሮቹን እንደ አውቶቡስ ከኋላና ከፊት ደርድረው፣ ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞረው ይቀመጡ ነበር። የሚናገረው ለመስታወቱ ይናገራል፤ ዓይኑን የሚያይበት የለም። ከፊት የሚቀመጠው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። አዲስ ታማሚ በር ላይ ቆሞ ሲያመነታ ዞር ሳይል «ግባ ወንድሜ፣ ቦታ አለ! እስክንደርስ ግን ወራጅ የለም» ይለዋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት ሲያመልጥ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሚሻል፣ መርፌው የሚያመጣው ድንገተኛ ሙቀት ሲነሳ ሸሚዝን እንዴት እንደሚያላሉ፣ ሐኪሙ ፊት የሚረሳውን ጥያቄ ማን አብሮ ገብቶ እንደሚያስታውስ፣ ሁሉም የሚወሰነው እዚያ ነው። የጨረር ሕክምናውን የጨረሰ፣ የሚጀምረውን እስከ ማሽኑ በር ይሸኘዋል። ልብስ ሰፊው በሽታው ጋብ ካለለት ቆይቷል፤ ለምን እንደሚመጣ ስጠይቀው «የዳነ ሰው በዓይን ካልታየ ማን ያምናል?» አለኝ።

እርስዎ አንድ ጊዜ ብቅ ብለው፣ ሰዎች ጀርባ ተሰጣጥተው መቀመጣቸው ከልብ አሳዘነዎትና ወንበሮቹን ክብ አደረጉልን። ወለሉ እንዳይጫርም በብሎን አሰሯቸው። ዓይን ለዓይን እንዲተያዩ ስላደረጉ ምስጋናችን የላቀ ነው። ተያዩ፤ ከዚያም ዝም አሉ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ስሙን ደረቱ ላይ እንዲለጥፍ ስላዘዙ። በሽታ ያላዋረዳቸውን ሰዎች ወረቀት ሊያዋርዳቸው ሞከረ።

ሦስተኛ፣ ውይይቱን የሚመራ፣ ማይክሮፎን የያዘ ወጣት ባለሙያ ስለላኩልን። የተማረ ልጅ ነው፤ አልወቅሰውም፤ የታዘዘውን ጠየቀ። ሾፌሩን በዚያ ሁሉ ዓይን መሐል አስቀምጦ፣ ከባለቤቱ ጋር ያለው ግንኙነት ከመቼ ጀምሮ እንደተቋረጠ እንዲያካፍለን ጋበዘው። ሾፌሩ ኮፍያውን አደረገ፤ «ወራጅ አለ» አለና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለመርፌውም አልመጣም፤ መርፌው የሚሰጠው በዚያው ኮሪደር ነውና። ልብስ ሰፊው ቤቱ ድረስ ቢሄድ «ደህና ነኝ፣ ጨርሻለሁ» ብሎ ከበር መለሰው። አልጨረሰም፤ ሐኪሙም አልጨረስክም ብሎታል። ሌሎቹም አንድ በአንድ ከክፍሉ ቀሩ። በር ላይ በለጠፉት ሪፖርት ግን «በክፍሉ ሥርዓት ሰፍኗል» የሚል አነበብኩ። ፊደል የቆጠርኩት ባለቤቴ መጋዙን በሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ ሥርዓት ማለት ባዶ ክፍል መሆኑን ገና አልደረስኩበትም ነበር። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

የምለምንዎ ትንሽ ነው፤ ብሎኖቹ ይፈቱ። ሠራተኛ አያስቸግሩ፤ የባለቤቴ መፍቻ በእጄ ነው። ፈቃድዎን እስከ ፊታችን ማክሰኞ በትዕግሥት እጠብቃለሁ፤ ካልደረሰኝም ያለ ፈቃድ በታላቅ አክብሮት እፈታለሁ።

ለወለልዎ ያለኝን አድናቆት ከፍ ባለ ትሕትና እየገለጽኩ፣

ሻይ አፍይዋ፣ የአናጺው ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ሃምሳን መሻገርዎን የፀጉር ቀለምዎ ሊደብቀው አልቻለም፤ ምርመራውን አያዘግዩ። ክፉ አይንካዎ እንጂ ቢነካዎም ወንበርዎ ተዘጋጅቷል፤ በብሎን ስለታሰረ ማንም አይቀድምዎትም።

ግልባጭ፦
ለሾፌሩ ሚስት፣ ነገ ጠዋት በእጇ የምሰጣት። ስሙን አልጻፍኩም፤ ከተማው ሾፌር ሞልቶታል፤ የትኛው እንደሆነ ግን እሷ ታውቃለች። እህቴ፣ ሌላ ሴት የለም። መርፌውን ግን አቋርጧል፤ አንቺው ይዘሽው ነይ። ይቀየመኛል፤ በሕይወት ቆሞ ይቀየመኝ።