ነጌቲቭ ያልኳቸው ሦስት ስላይዶች

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ሆላንድ ላለሽው ለውድ ልጄ ለሩሐማ፣

እንደምን ከርመሻል የኔ እመቤት? እናትሽ ጽጌም እኔም፣ ሙቀቱ ካላማረረን በቀር፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን። ፕሮፌሰርሽ «የቺፑ ውጤት ከአባትሽ ማይክሮስኮፕ ጋር ካልገጠመ ሥራሽ ይቆማል» ማለታቸውን ከጻፍሽልኝ ወዲህ ግን እህል አልወርድ ብሎኛል።

የላክሽልኝን ቺፖች ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ! ጥፍር በምታህል ሲሊከን ላይ ከፀጉር የቀጠነ ቦይ ቆፍራችሁ መስተዋት ታለብሷታላችሁ? የምርምር ቡድናችሁ ሰው ነው ወይስ ሌላ ፍጡር? ጤነኛው ደም ሽው ብሎ ያልፋል፣ ወባ ያለበት ደድሮ መንገድ ላይ ይገተራል፤ የእኔ ሥራ ሰዓት ይዞ መጠበቅ ብቻ! እኔ ሃያ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አንገቴን ደፍቼ የምፈልገውን እናንተ በአንድ ጠብታ ደም! አንዱን ግን አበላሸሁብሽ። ቦዩን ልየው ብዬ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳስገባው፣ እጄ ለምዶ ደም እንደተቀባ ስላይድ የማያ ዘይት ጠብ አደረገበት። ተደፈነ። እኔው ያሠለጠንኳት የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ኛቦል ሆዷን ይዛ ሳቀች።

የቀሩትን እያጠብን አርባ ሰው መረመርን። ሠላሳ ሰባቱ ገጠሙ። ሦስቱን ቺፑ «ወባ አለባቸው» ሲል እኔ «ነጌቲቭ» ብያለሁ። እኔ ወንዳፈረው! ክልል ከመሆናችን በፊትም ሆነ በኋላ ቃሌን የመለሰው ሰው የለም። አላኮረፍኩም ብዬ አልዋሽሽም። ውጤቱን ሦስት ቀን በኪሴ ይዤ ዞርኩ፤ ፖስታ ቤት በር ደርሼም ተመለስኩ።

በአራተኛው ቀን ኛቦል መጣች። «ጋሼ፣ አትቆጣኝ። ሦስቱን ስላይድ እኔ ደግሜ አየሁ። ወባ አለ። ሦስቱም ላይ አለ።»

«የት አለ?» ብዬ ጮህኩባት።

ማይክሮስኮፑን አስተካክላ አሳየችኝ። «ይኸው እኮ ጋሼ፣ መሀል ላይ!» ትላለች፤ እኔ ጉም አያለሁ። እናትሽ ዓመት ሙሉ ዓይንህን ታይ ስትለኝ ስቆጣት ነው የከረምኩት።

ሁለቱ እዚሁ ከተማ ናቸውና ወዲያው መድኃኒት ወሰዱ። ሦስተኛዋ ኛዳክ የምትባል ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በእኔ ቃል ባዶ እጇን ወደ ኢታንግ ተመልሳለች። ይህን ስሰማ ሾፌሩን ፍለጋ ሮጥኩ። ኛቦል በጤና ጣቢያው መኪና ሄዳ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት አገኘቻት። ዛሬ እግዚአብሔር ይመስገን ተነስታ ገንፎ በልታለች። ያዳናት ያንቺ ቺፕ ነው፤ ይህን ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው።

እናም ልጄ፣ እኔና ኛቦል የፈረምንበት ወረቀት ከዚህ ጋር አለልሽ። «ስህተቱ የመርማሪው እንጂ የቺፑ አይደለም» ይላል። ለፕሮፌሰርሽ እንዳለ ስጪ። «ለአባቴ ክብር» ብለሽ አንዲት ቃል ብታለሳልሺ ወየውልሽ! በሕይወቴ ተሸንፌ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የእኔን ነገር ተይው፤ ሥራ አይጠፋም።

እናትሽ አገላብጣ ትስምሻለች። እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ፤ አብረውሽ የሚደክሙትንም ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

አባትሽ ወንዳፈረው፣
ከሰኞ ጀምሮ የካርድ ክፍል ሠራተኛ