የዘርፌ አሥራ አንድ ሰከንድ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ዙሪክ፣ ቤተ ሙከራ።

ዛሬም የዶክትሬት ጽሑፌ የመጨረሻው ምዕራፍ። «ቀጣይ የምርምር አቅጣጫዎች»። አማካሪዬ ፕ/ር ሁለት ገጽ ይበቃል አሉ፤ ማንም አያነበውም ብለው ሳቁ። እኔ ግን አንድ መስመር አልወጣኝም፣ ደብተሬ።

አራት ዓመት የለፋሁበት ጥያቄ ይኸው ነው። ሰው «ቃሏ ልቤን ወጋው» የሚለውን ሲያነብ መውጋቱ በሐሳቡ ይመጣል ወይስ ዘሎት ሐዘኑ ጋ ይደርሳል? የለመድነውን ዘይቤ አእምሮ ዘሎት ያልፋል ባይ ነኝ። ሰዎች ላፕቶፕ ላይ ያነባሉ፣ እንደገባቸው ቁልፍ ይጫናሉ፣ ፍጥነታቸው ይለካል። ከሦስት ሰከንድ በላይ የቆየ፣ ሐሳቡ ሌላ ጋ ነበር ተብሎ ይሰረዛል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው። አምስት ሴቶች ሰረዝኩ። ውጤቴ አማረ።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ጄኔቭ፣ ለ ሊኞን ሰፈር። ማታ።

ዘርፌ ቤቴ መጣች። ጄኔቭ አጠገብ፣ ቨርሷ በምትባል ከተማ፣ ዲፕሎማት ቤት ተቀጥራ የምትሠራው። ከሰረዝኳቸው አምስቱ አንዷ ናት። ሻይ ስታነሳ እጅጌዋ ተሰበሰበ።

ክንዷ ላይ የካውያ ቃጠሎ። ቅርጹ እንዳለ፣ ጫፉ ሹል፣ ገና የሚያዥ። ከሥሩ ያረጀ፣ የጠቆረ ሌላ።

ሸሚዝ አሳርራ ነው። እመቤቲቱ ተኮሰቻት፤ ባልየው ፀጉሯን ጨምድዶ ይዞላት ነበር። ልጆቹ እንዳይሰሙ ብላ አልጮኸችም። አሮጌው ጠባሳ የዛሬ ዓመት ነው። ከንባብ ፈተናዬ በፊት ማለት ነው።

ያኔ ምን እንዳስነበብኳት አስታወስኩ። «ንግግሯ አቃጠለኝ»። አሥራ አንድ ሰከንድ ቆየች። ዘርፍዬ፣ ቀልብሽን ሰብስቢ እንጂ፣ ዘገየሽ አልኳት። ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እመቤቴም ዘገምተኛ ትለኛለች አለች። ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ። ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኛል።

ኩባያውን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኩት። ዘርፌ ብድግ ብላ ተንበርክካ ስብርባሪውን ለቀመች። እኔን ይቅርታ እየጠየቀች።

«ሆዴ ተቃጠለ» ብዬ ልጽፍ ነበር። እጄ እምቢ አለ።

ፖሊስ አልሄድም አለች። የመኖሪያ ፈቃዷ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው፤ ከቤቱ ከወጣች ፈቃዷም የለም። በ11 ሰዓት ባቡር ተመለሰች። ለምን ለቀቅኳት?

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ቨርሷ፣ ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ። በግራ እጄ።

ጠዋት ደወለች። ነይ ውሰጂኝ ብቻ ነው ያለችው። ዙሪክ መሄዱን ትቼ ቨርሷ ሄድኩ።

በሩ ላይ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች። ባልየው ከኋላ መጥቶ በፀጉሯ ወደ ውስጥ ጎተታት፤ ጭንቅላቷ ከመቃኑ ጋር ተላተመ። እጁን ነከስኩት። እስኪደማ። ደሙ አፌ ገባ፣ አልለቀቅሁም። ዘርፌ አመለጠች። እመቤቲቱ በሩን በቀኝ እጄ ላይ ዘጋችው። ሁለት ጣት። ሲሰበሩ ሰማኋቸው።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የባልየውን ጉሮሮ ባገኘው ኖሮ እዚያው ነበር የምነክሰው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ለ ሊኞን።

ጣቶቼ በጄሶ ታስረዋል። የዘርፌ ግንባር በአምስት ስፌት ተሰፍቷል። አሁን ግን ፖሊስ ጋ ቃሏን ሰጥታለች፣ ራሷ ወስና። ዲፕሎማት መክሰስ ከባድ ነው ተብለናል። ስለ ንክሻው እኔም እጠየቃለሁ። ይጠይቁኝ።

ፕ/ር ደወሉ። ምዕራፉ ለዓርብ። የሰረዝኳቸውን አምስቱን ልመልሳቸው ነው አልኳቸው። ንድፈ ሐሳብሽ ይፈርሳል፣ በግርጌ ማስታወሻ ብትጠቅሺው ምን ይልሻል አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ይፍረስ አልኩ።

ለቀሩት አራቱ ደወልኩ። አንዷ ብቻ አነሳች። ስለ ፈተናው ሳይሆን፣ የሚመታት ሰው እንዳለ ጠየቅኋት።  ስልኩን አልዘጋችም። ቀልብሽን ሰብስቢ አላልኳትም። ጠበቅኋት።

ዘርፌ ሶፋው ላይ ሆና ትሰማ ነበር። ፈተናውን አበላሽቼብሽ ነበር ወይ አለች። ላፕቶፑን አምጪው፣ ልድገመው፣ አሁን እፈጥናለሁ አለች።

አላስደግማትም። አሥራ አንዱ ሰከንድ እንዳለ ጽሑፉ ውስጥ ይገባል፤ ምዕራፉም ከእሱ ይጀምራል።