ሰውነቴ ውስጥ የተገኘው

ጥር 8

ዛሬም ልምምድ። ሜዳው ገና ጭቃ ነው፤ ጫማዬን ሳወልቅ ግማሹ ሜዳ አብሮኝ ቤት ገባ። ጋሽ ፊሽካ ሲጮሁብን ዋሉ። አሠልጣኝ ናቸው ወይስ ትራፊክ ፖሊስ? ያ ፊሽካ አንገታቸው ላይ የበቀለ ነው የሚመስለው...

ከልምምድ በኋላ ያው ዱቄት። ለሁላችንም ከአንድ ቆርቆሮ በውኃ ይበጠብጡልናል። "ጉልበት ነው፣ ጠጡ!" ሽታው ቸኮሌት፣ ጣዕሙ ኖራ። መርፌ አፍንጫዋን ይዛ ጨለጠችው። (ቅጽል ስሙን ያወጣንላት እኛው ነን። ከጎን ስትታይ የለችም።)

እማዬ ከሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትመለስ እጇ በረኪና በረኪና ይል ነበር። አጠገቤ ቆማ ወተቴን አስጨረሰችኝ። "ተመስገን፣ ፊትሽ ሞላ" አለች። እውነቷን ነው። ሰሞኑን ያየሁትን ሁሉ መብላት ያምረኛል። ሩጫ ከጀመርኩ ወዲህ "አጥንትሽ ብቻ ቀረ" እያለች ስታለቅስ ከርማለች፤ አሁን ደስ ብሏታል። ይሁን።

ጥር 19

ሁለተኛ! የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር፣ ሁለተኛ ወጣሁ! ለአገር አቀፉ የሚያልፉት ሁለት ብቻ ናቸው... አለፍኩ! መርፌ ሦስተኛ ሆነች። አቅፋኝ አለቀሰች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅኩም።

ከዚያ ሰማያዊ ሰደርያ የለበሰች ሴት መጣችና "ከአሁን ጀምሮ ከዓይኔ አትጠፊም" አለችኝ። የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ነው፤ ሦስታችንም ሽንት እንሰጣለን። መጸዳጃ ቤት ድረስ ተከተለችኝ። በሩም አይዘጋም! ሰው ቆሞ እያየኝ እንዴት ይወጣል? ጋሽ ፊሽካ ከውጭ ሆነው "ዝም ብለሽ ፏፏቴ አስቢ!" ብለው ጮኹ። በሳቅ ልሞት ነበር። ከሳቁ በኋላ ወጣ።

የካቲት 14

ርእሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ሽልማት መስሎኝ ፀጉሬን አስተካክዬ ሄድኩ። ጋሽ ፊሽካ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

"ናሙናሽ ውስጥ የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቷል።"

ስሙን አነበቡልኝ። ረጅም ነው። ደግመው አነበቡልኝ፤ አሁንም አልያዝኩትም። የስቴሮይድ ዘር ነው አሉ። እኔ? የራስ ምታት ክኒን እንኳ የሚያንቀኝ እኔ?

"ተሳስተው ነው" አልኩ። "ሽንትሽ በሁለት ጠርሙስ ተከፍሎ ነው የተቀመጠው፤ ሁለተኛው ይከፈታል" አሉኝ።

ለእማዬ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ብድግ አለች። "የእኔን ልጅ? ማን ነው ደፍሮ እንዲህ ያለው? ነገ መጥቼ አሳያቸዋለሁ!"

የካቲት 15

ምን በላሁ? ምን ጠጣሁ? ማን ምን ሰጠኝ? ስንት ሰው በውኃ ኮዳዬ ጠጥቷል?

እግሬን አየዋለሁ። ሁለተኛ ያወጣኝ ይሄ እግር ነው ወይስ ያ ስሙ የማይያዘው ነገር? ግራ ገባኝ። የራሴን ሰውነት ሰው አበድሮኝ ሳልመልስ የቀረሁ ነው የሚመስለኝ...

የካቲት 24

ሁለተኛውም ጠርሙስ ያው።

ጉዳዩን የያዘው ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ሰብሳቢዋ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ እርጋታዋ ነው ያስፈራኝ።

"ከቤት ውጪ የምትወስጂው ነገር አለ?"

"አሠልጣኛችን የሚሰጡን ዱቄት አለ።"

"ከሱ ነው ብለሽ ታስቢያለሽ?"

"ሌላ ከምን ይሆናል?"

እንዲህ ነው ያልኩት። ውሸት አልተናገርኩም። አይደል? ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ታዲያ ስወጣ ጋሽ ፊሽካን ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሳያቸው ለምንድነው በሌላኛው በር የወጣሁት?

የካቲት 26

ጋሽ ፊሽካ ታገዱ። ቆርቆሮው ለምርመራ ተወሰደ። የአንዱ ተማሪ አባት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ "ልጆቻችንን መረዛቸው!" እያለ ይጮሃል። እሳቸው ዕቃቸውን በፌስታል ይዘው ወጡ። ፊሽካው አንገታቸው ላይ የለም። ያለ ፊሽካ ሳያቸው ሌላ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌ።

እማዬ "ደግ አደረግሽ፣ እሱ ነው ጉድ የሠራሽ" አለችኝ። ወተቴን ሰጠችኝ። ጠጣሁ።

መጋቢት 2

ጋሽ ፊሽካ ከታገዱ ወዲህ መርፌ አላናግርሽም ብላኝ ሰነበተች። ዛሬ ራሷ መጣች። በዚህ ሰሞን ስሟ ራሱ ወንጀል ሆኗል፤ ግቢ ውስጥ "መርፌ" ብለን ስንጠራት ሰው ዞሮ ያየናል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር።

"እኔም ያንን ዱቄት ጠጥቻለሁ" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"ካንቺ እኩል። እኔም ተመርምሬያለሁ። የእኔ ንጹሕ ነው።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"እኔ እንጃ። አስቢያ!"

ጥላኝ ሄደች። ዱቄቱ ካልሆነ... ምንድነው? እኔ ደብቄ የወሰድኩ መስሏታል። ተናደድኩባት። ቆይቶ ደግሞ እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። በእንቅልፌ ወስጄ ይሆን እንዴ?! እስከዚህ ደርሻለሁ።

መጋቢት 6

ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ካልሲው ምልክት ስላወጣብኝ እማዬ ፈቃድ ወስዳ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ሐኪሟ እግሬን ትታ ፊቴን አየች። ጉንጬን በጣቷ ጫን አደረገች።

"ፊትሽ ዱሮም እንዲህ ክብ ነበር?"

"ሞልቶላት ነው" አለች እማዬ፣ በኩራት።

"ይሄ ውፍረት አይደለም፣ እናቴ። እብጠት ነው። ምን መድኃኒት ትወስዳለች?"

"ምንም" አልን ሁለታችንም።

ስለ ምርመራው ነገርኳት። የመድኃኒቱን ስም ከስልኬ አሳየኋት። አንብባ ስልኩን መለሰችልኝ። "ይሄ የሐኪም መድኃኒት ነው። ግን ሰው ለመወፈር ብሎ ከየቦታው እየገዛ ይውጠዋል። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ፊት ያሳብጣል..."

እማዬን አየኋት። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች።

"ዶክተር... ቫይታሚንም ይቆጠራል?"

ቦርሳዋን ከፈተች። በላስቲክ የተጠቀለሉ ትንንሽ ነጭ ክኒኖች። የሥራ ጓደኛዋ ናት የሰጠቻት፤ ልጇን በአጭር ጊዜ አወፍሮላታል። ክኒን ስለሚያንቀኝ በማንኪያ ጀርባ እየፈጨች ወተቱ ውስጥ...

"ቫይታሚን ነው ብላኛለች" አለች። "በሞቴ፣ ቫይታሚን ነው ብላኛለች።"

ሐኪሟ ያልጠበቅኩትን ነገረችን። በአንዴ ማቆም አይቻልም፤ ሰውነቴ ለምዶታል። በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። ማለት... አሁን ደግሞ እያወቅኩ ልወስደው ነው!

ታክሲ ውስጥ እናቴን ልጠላት ሞከርኩ። አልቻልኩም። ላቅፋት ሞከርኩ። እሱንም አልቻልኩም።

መጋቢት 7

ዝም ብል ጋሽ ፊሽካ እንደወጡ ይቀራሉ። ብናገር እማዬን ያስሯት ይሆን? ጓደኛዋስ? ሆቴሉ ቢሰማስ? አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ብቻ ናት።

"ምን እናድርግ?" አልኳት።

"አንቺ ምንም አታደርጊም። ልጅ ነሽ።"

"አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።"

"እሱን ነው የምልሽ።"

መጋቢት 9

ስነሳ እማዬ ለለቅሶም ለሠርግም የምትለብሰውን ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። "የትኛው ቢሮ ነው?" አለችኝ። "የትኛው ቢሮ?" አልኳት። "የዚያች የረጋችዋ ሴትዮ።"

ኮሚቴው ፊት ይቀመጡ ቢሏት እምቢ ብላ ቆመች። ሁሉንም ተናገረች፤ የጓደኛዋን ስም ብቻ አልጠራችም። "አሠልጣኙ ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ። ልጄም አታውቅም።"

ሰብሳቢዋ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። ቀና ብላ እኔን እንጂ እማዬን አላየችም። "ሰውነትሽ ውስጥ ለሚገባው ነገር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።"

"ሳላውቅም?"

"ሳታውቂም።"

ይሄ እስካሁን አልገባኝም። እናት የሰጠችውን ወተት ማን ያስመረምራል? ደግሞ ደንቡ ባይኖር ሁሉም "እናቴ ናት" ይል ነበር... ሁለቱም ልክ ነው። ሁለቱም እንዴት ልክ ይሆናል?

መጋቢት 23

ውሳኔው መጣ። የዱቄቱ ቆርቆሮ ንጹሕ ነው። ጋሽ ፊሽካ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እኔ እስከ ክረምቱ ማለቂያ ታግጃለሁ፤ እማዬ ባትናገር ኖሮ ዓመታት ይሆን ነበር አሉ። ሁለተኛነቴ ተሰረዘ። አገር አቀፉ ላይ የምትሮጠው መርፌ ናት።

ነገርኳት። ደስታዋን ልትደብቅ ስትታገል አሳዘነችኝ። "ደስ ይበልሽ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?" አልኳት። "ባለፈው የተናገርኩሽ..." አለች። አልጨረሰችውም። አላስጨረስኳትም።

እማዬን ማንም አላሰራትም። ግን ሐኪሟ በጻፈችላት መሠረት ግማሿን ክኒን መዳፌ ላይ ስታስቀምጥ ፊቷን ታዞራለች። የሥራ ጓደኛዋን ደግሞ ፈልጋ አገኘቻት። "ምን አልሻት?" አልኳት። "ልጅሽን ሐኪም ቤት ውሰጃት አልኳት" አለች። ሌላ ምንም።

መጋቢት 25

ጋሽ ፊሽካ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው የልጅ ብስክሌት ጎማ ይለጥፋሉ። ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብቻ አልኩ።

ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክረው አረፋ የሚወጣበትን ፈለጉ። "እናትሽም መጥታ ነበር" አሉ። አላወቅኩም ነበር። "ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ያንቺንም የሷንም ሰምቻለሁ። ልቤ ግን ገና ነው። ያ ሰውዬ በር ላይ ሲጮህ የልጅ ልጄ አብሮኝ ነበር።"

የጎማ ማጣበቂያውን አቀብያቸው ሄድኩ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር... ወይስ አይሻልም?

ሚያዝያ 11

መርፌ አገር አቀፉ ላይ አምስተኛ ወጣች። ደውላ ጆሮዬ ላይ ጮኸች። እኔም ጮህኩ። ቀንቻለሁ፣ ደስ ብሎኛል። የትኛው እንደሚበልጥ አልለካሁም።

ሚያዝያ 20

ክኒኑ አበቃ። ፊቴ ወደ ቀድሞው እየተመለሰ ነው። ስሮጥ ግን ከብዶኛል። እውነተኛው ፍጥነቴ ይሄ ይሆን? ወይስ ገና አላገገምኩም? ሐኪሟን ጠየቅኳት፣ "ጊዜ ስጪው" አለች። ሁሉም ጊዜ ስጪው ይላል።

ግንቦት 3

ከቡድኑ ጋር መለማመድ ስለተከለከልኩ ከሜዳው አጥር ውጪ ባለችው የአፈር መንገድ ለብቻዬ እሮጣለሁ። ጋሽ ፊሽካ ከተመለሱ ወዲህ በአጠገባቸው ሳልፍ ወደ ሌላ ይዞራሉ። ሰላምታም የለም። ለምጄዋለሁ ብዬ ነበር።

ዛሬ አራተኛው ምልልስ ላይ ትንፋሼ ሲቆራረጥ ከአጥሩ ወዲያ ፊሽካ ጮኸ። ለነሱ ነው ብዬ ዝም ብዬ ሮጥኩ። ደግሞ ጮኸ።

"ክንድሽን! ክንድሽን አውርጂ! ትከሻሽን ተሸክመሽ የት ትደርሻለሽ?!"

ዞር ብዬ አየሁ። እሳቸው አያዩኝም፤ ፊታቸውን ወደ ልጆቹ አዙረዋል። ግን ከልጆቹ ማንም አይሮጥም ነበር፤ ሁሉም ተቀምጠው ጫማቸውን ያስራሉ።

ይቅር አሉኝ ማለት ነው? ወይስ መጥፎ ሩጫ ማየት ስለማይችሉ ብቻ ነው? አላወቅኩም።

ክንዴን ግን አወረድኩ።