ለቅሶ ላይ የታደለው ክኒን

ታማቲ፣

ብርድ ልብሱ እግርህን በነካው ቁጥር ስትጮህ አድረህ ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደህ፤ ስለዚህ አልቀሰቅስህም። ከተማ፣ ፋርማሲ ሄጃለሁ።

የሪህ ክኒንህ ያለቀው ስለዋጥከው አይደለም። በአክስታችን ለቅሶ፣ የጎሳችን መሰብሰቢያ በሆነው ማራኤያችን አዳራሽ ውስጥ ተጎልተህ፣ "እግሬን አመመኝ" ላለ ዘመድ ሁሉ እንደ ከረሜላ ስላደልከው ነው።

"የእኔ የሆነ ሁሉ የዘመዴ ነው" አልክ። እሰይ የኔ ለጋስ! ካንተ ተቀብሎ የዋጠው ዘመዳችን ሆሄፓ ዛሬ ገላው ሁሉ ሽፍ ብሏል። "አመስግኚልኝ" ብሎሃል።

ሐኪሟ ስታስረዳህ "እሺ፣ እሺ" ብለህ ወጥተህ፣ መኪና ውስጥ "ምን አለች?" ብለህ የጠየቅከኝን ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቷ ቤት ድረስ ትመጣለች። የኛው ጎሳ ልጅ ናት፤ ያልገባህን ጠይቃት፣ አታፍርም።

ስኳር ድንቹ ምድጃው ላይ አለ።
ዓሣውን እንዳትነካ፤ ሪህህን ይቀሰቅስብሃል።
መሳቢያዬ ውስጥ ያለው የግፊት ክኒን ነው። "ለእግርም ሳይሆን አይቀርም" ብለህ እንዳትሞክረው።

ትናንት በዘመድ ፊት የጮኽኩብህን እርሳው። ለምን እንደጮኽኩ ግን አትርሳ።

አባባም የሰው ክኒን እየተዋሰ ነው ኩላሊቱን የጨረሰው። አዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ የሞቱት ሰዎች ፎቶ በተሰቀለበት፣ ከእሱ ፎቶ ጎን አንድ ባዶ ቦታ አለ።

ቦታው የእኔ ነው። ታላቅህ ነኝ፤ ተራህን ጠብቅ።

ንጋይሬ