ሲምባሏ የት ገባች?

ይድረስ ለምወድህ፣ ዛሬ ግን በጣም ለተናደድኩብህ አባቴ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጉንፋኑ ለቀቀህ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነ? ሞሪዮካ ሳይቀር ዘንድሮ ሙቀቱ አልወጣ ብሏል ሲሉ በዜና ሰምቼ፣ በዚያ መስኮት በሌለው ካፌ ውስጥ እንዴት እንደምትሆኑ ሳስብ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከሥራዬም አልቀርም። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃን። ከዚህ በላይ ብቀጥል ንዴቴ ይበርዳል፤ እንዲበርድ ደግሞ አልፈልግም።

ትናንት ስልክ ደውለህ «ድምፅ ማጉያዎቹን የሴንዳዩ አሮጌ ዕቃ ገዢ ሰውዬ እሁድ መጥቶ ይጭናቸዋል» ብለኸኝ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ዘጋህብኝ። የዕቃ ማጠቢያውን እንደቀየርክ ነገር! አያቴ የሩዝ መጋዘኑን አፍርሶ ግድግዳውን በእነሱ ልክ የሠራላቸውን፣ እኔ ልጅ ሆኜ ጀርባዬን አስደግፌባቸው የተኛሁባቸውን ድምፅ ማጉያዎች ነው የምትለኝ! ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እጽፋለሁ። በአንተ ካፌ ውስጥ ሙዚቃ እየተሰማ ማንም እንዲያወራ አይፈቀድም፤ ሙዚቃው ሲያልቅ ደግሞ የምታወራው አንተ ብቻ ነህ። ወረቀት ላይ ግን ልታስቆመኝ አትችልም።

ከመጀመሪያው ልነሳ።

በመጋቢት ስመረቅ ጓደኞቼ በሙሉ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ባንክና ኢንሹራንስ ገቡ። እኔ ቶኪዮ፣ ኦቻኖሚዙ ሰፈር፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከውጭ የሚመጡ የጃዝ ሲዲዎች የሚሸጡበት ሱቅ ገባሁ። እማዬ አልቅሳለች፤ አንተ ግን አልከለከልከኝም፤ ምክንያቱም ቃልህን ሰጥተኸኝ ነበር። «ተማሪና ነይ። የፊት ለፊቱን ክፍል መስኮት አውጥቼለት እሰጥሻለሁ። ከውጭ የመጡትን በቅናሽ እየመረጥሽ እንሸጥበታለን፤ ወጣቱም ወደ ቤታችን ይመጣል» ያልከኝ አንተ ነህ። እኔ ያንን መስኮት እያሰብኩ ነው በየቀኑ አቧራ ውስጥ ተንበርክኬ የቅናሽ ሳጥን ስበረብር የምውለው። በምን ቀለም እንደምቀባው ሳይቀር ወስኛለሁ።

ደግሞ ርካሽ የተባለ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ጎናቸውን በመጋዝ የነኳቸው አሉ፤ አምራቹ ያልተሸጠለትን በቅናሽ ሲያወጣ የሚያደርግባቸው ምልክት ነው እንጂ ውስጣቸው ንጹሕ ነው። ከአሮጌ ሸክላ ቀድተው፣ ጭረቱ እንዳይሰማባቸው ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ የቆረጡባቸውም አሉ። እነዚያን እኔም በነፃ ቢሰጡኝ አልወስድም። ጮክ እንዲል ብለው አፍነው የገደሉትም አለ። እኔ ሁሉንም አዳምጣለሁ። መጀመሪያ በአንዱ ሙዚቃና በሌላው መካከል ያለውን ጸጥታ፤ ቀጥሎ የቤዙ ክር ሲጎተት እንጨቱ ይሰማ እንደሆነ፤ በመጨረሻ ሲምባሏን፣ ያቺ ከበሮ መቺው የሚነካት የነሐስ ሳህን ተመትታ እስክትጠፋ ድረስ የምትሄድበትን መንገድ። ይህን ያስተማርከኝ አንተው ነህ። የሱቃችን ኃላፊ ኦሳናይ «አንቺ ልጅ፣ ሲዲ ነው የምትመርጪው ወይስ ባል?» እያለ ይስቅብኛል። ባል ብመርጥ ይህን ያህል አልጨነቅም።

እንዲህ አድርጌ መርጬ ነው በነሐሴ፣ የአያቴን መቃብር ልናጥብ ስመጣ፣ ያንን ሙሉ ቦርሳ ያመጣሁልህ። አንተ ግን ብቻችንን ሆነን አልሰማህልኝም። የዘወትር ደንበኞችህ ጋሽ ኩጂና ጋሽ ሺሞቶማይ እስኪመጡ ጠበቅክ። ባቡር ሲነዳ የኖረና የኮመጠጠ አትክልት ሲሸጥ የኖረ ሰው ዳኛ ሆነው ፊቴ ተቀመጡ። ሲዲውን ከፈትክ። ዐይንህን ጨፈንክ። ሙዚቃው ሲያልቅ ምን አልክ?

«ሲምባሏ የት ገባች? ብርድ ልብስ አልብሰዋታል እኮ!»

ጋሽ ሺሞቶማይ ወዲያው «እውነትዎን ነው ማስተር፤ ርካሽ ነገር ምን ይጠበቃል» ብለው ደገፉህ። ጋሽ ኩጂ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔ «አባዬ፣ አለች እኮ! በግራ በኩል፣ እየጮኸች!» ስልህ ሳቅክ። «ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ጆሮ አይሰጥም» አልከኝ፤ ሰዎቹም ሳቁ። ሌላ ከፈትክ፤ ያችኑ ብርድ ልብስ ደገምካት። ሌላ፤ አሁንም ብርድ ልብስ። በመጨረሻ ቦርሳዬን በእግርህ ወደ እኔ ገፋ አደረግክና «ጆሮ የለሽም። መስኮቱን ላንቺ ከምሰጥ ለኑድል ሻጭ ባከራየው ይሻላል» አልክ። በእግርህ ነው አባዬ። የመረጥኳቸውን።

ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሺሞቶማይ ለድምፃቸው ብለው የሰጡህ ቃጭል ፌንጣዎች በጎጇቸው ሆነው እንዲያ ሲያንጫርሩ፣ ለቅሶዬን ሸፈኑልኝ ብዬ አመሰገንኳቸው። ቆይተህ ዱባ ቆርጠህ ልታበላቸው መጣህና «ሺሞቶማይ ዘንድሮ የሰጠኝ ፌንጣዎች ዱዳ ናቸው» አልከኝ። ልታስቀኝ የፈለግክ መሰለኝ። እንዳልስቅልህ ፊቴን አዞርኩ።

ቶኪዮ ስመለስ በባቡሩ ውስጥ ስብሰለሰል መጣሁ። ከዚያ አንድ ተንኮል አሰብኩ። አንተ ካጣጣልካቸው የአንዱን አልበም፣ እዚሁ አገር ታትሞ ወገቡን በወረቀት መቀነት የታሰረውን፣ የማብራሪያ ወረቀቱ ገና የማተሚያ ቀለም የሚሸተውን ውዱን በሙሉ ዋጋ ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ ከኦሳናይ ጋር ርካሹንና ውዱን በየተራ ሰማናቸው፤ ልዩነት የለም። ያንድ እናት ልጆች ናቸው። ከዚያ ዲስኮቹን አቀያየርኳቸው። ርካሹን ባለመቀነቱ ሣጥን ውስጥ፣ ውዱን በመጋዝ በተነካው ውስጥ አድርጌ ላክሁልህ። መቀነቱን አይተህ «ይኸውልሽ፣ ሲምባል ማለት እንዲህ ነው!» እስክትል እየጠበቅኩ ነበር። ያኔ እውነቱን ነግሬህ፣ ጋሽ ኩጂ ፊት ይቅርታ ላስጠይቅህ።

አንተ ግን ይህችን ደስታ እንኳ ነፈግከኝ። ትናንት ደውለህ ምን አልክ? «ሁለቱም ብርድ ልብስ ናቸው። የኛ አገሩም ተበላሽቷል።» ከዚያ ቀጠልክ። በየጠዋቱ ካፌውን የምትከፍትባትን፣ እኔ ሳልወለድ የነበረችውን ያቺን አሮጌ ሲዲ እንኳ ከፍተህ ሰማህ፤ የሷም ሲምባል ጠፍታለች። ስለዚህ ጥፋቱ የድምፅ ማጉያዎቹ ነው፤ ይሸጡ። እነሱ ባይሆኑ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ነው፤ የጎረቤት ማቀዝቀዣ አቆሽሾታል። ስለዚህ በገንዘቡ ግቢው ውስጥ የራስህን የመብራት ምሰሶ ታስተክላለህ!

የራስህን ምሰሶ! እማዬ ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ እየያዘች፣ አንተ ለሙዚቃ ንጹሕ መብራት እንዲመጣልህ የአያቴን የፐርሲመን ዛፍ ቆርጠህ ምሰሶ ታቆማለህ? ጋዜጣ ላይ እንዳየኸው እንደዚያ የዮኮሃማ ጥርስ ሐኪም? እሱ እብድ ነው አባዬ። አንተም

እዚህ ላይ ስልክ ጠራብኝ። እማዬ ነበረች።

ምሰሶው ሳይሆን ጉንፋንህ ነበር ያናደዳት። እንደምታውቃት ነው፣ ስትናደድ ታስቃለች። «ያ አባትሽ የሙቀት መለኪያውን ብብቱ ሥር ከትቶ እንደ ሐውልት ቁጭ አለልሽ። ዕቃው ጢጥ ጢጥ እያለ ይጮኻል፣ እሱ ንቅንቅ የለም። ‹ሰውዬ፣ አውጣው እንጂ› ስለው ‹ገና ነው›። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ‹ይህም ተበላሽቷል› ብሎ ወረወረው! በዚህ ቤት ያልተበላሸ ዕቃ የለም። ያልሸጠው እኔን ብቻ ነው፤ እኔንም ገዢ ጠፍቶ ነው» አለችኝ።

እኔም ስቄ «ፌንጣዎቹስ?» አልኳት። እንዲሁ ነው የጠየቅኳት።

«ተያቸው እባክሽ፣ እንቅልፍ ነስተውኛል። አባትሽ ግን ዱዳ ናቸው እያለ ለሺሞቶማይ ሊመልሳቸው…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

ሲምባሏ፣ የመለኪያው ጢጥታ፣ ፌንጣዎቹ፤ ሁሉም ቀጭን ድምፅ ናቸው። የፌንጣ ድምፅ በስልክ አይሻገርም አይደል፤ ስለዚህ እኔ ምንም አልሰማሁም። እማዬ ግን ቆማ የምታዳምጣቸው መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «ቅዳሜ መምጣት ትችያለሽ?» አለችኝ።

ደብዳቤውን ከላይ ጀምሮ መልሼ አነበብኩት። ልቀደው ነበር፤ ተውኩት። ንዴቴ እንዳለ ይድረስህ። አሁንም ተናድጃለሁ፤ እንዲያውም ብሶብኛል፤ ግን አቅጣጫው ዞሯል።

ጋሽ ኩጂን አስታወስኩ። ያን ቀን አንተ ዐይንህን ጨፍነህ ሳለ እኔ እሳቸውን እያየሁ ነበር። ጣታቸው የቡናው ስኒ ጫፍ ላይ ሲምባሏን አንድ በአንድ እየተከተላት ይመታ ነበር። አንዷን አልሳተም። ከዚያ አንተ «የት ገባች?» ስትል፣ ያው ሰውዬ ራሳቸውን ነቀነቁ! ጣታቸው እውነት እየተናገረ ራሳቸው ዋሸ። ጋሽ ሺሞቶማይም ከአትክልቱ ጎን ፌንጣ ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዱዳ ፌንጣ እንደማይሰጡህ ያውቃሉ። ስንት ዘመን ቡናህን የጠጡ ሰዎች፣ ማስተር ማስተር እያሉ እያዩህ፣ አንዱ እንኳ አፉን ይከፍታል? አፈሩ! ስመጣ ለሁለቱም የምለው አለኝ፤ በሙዚቃው መሃል፣ ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። ብታባርረኝም እናገረዋለሁ።

አንተን ግን የምለምንህ ነገር አለ። ትእዛዝም በለው፤ ተቆጥቼ ስለምጽፍ ትእዛዝ ይመስላል።

ለሴንዳዩ ሰውዬ ደውለህ እንዳይመጣ ንገረው። ካፈርክ «ልጄ እብድ ናት፣ አልሸጥም አለች» በል። ድምፅ ማጉያዎቹ ምንም አልሆኑም። ሲዲዎቹም ምንም አልሆኑም፤ ያቺ የጠዋቷም ምንም አልሆነችም። ምሰሶውን አታስተክል። ዛፉን እንዳትነካ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ባቡር እመጣለሁ። ሰኞ ካፌውን እንዘጋና ሦስታችንም አብረን አንድ ቦታ እንሄዳለን። እማዬ ቀጠሮ ይዛለች። የት ነው ብለህ አትጠይቃት፤ አትመልስልህም፤ እኔም በወረቀት አልጽፈውም። ከዚያ ስንመለስ፣ በነሐሴ ባመጣሁት ቦርሳ ያሉትን እንደገና እንሰማቸዋለን፤ ያለ ዳኛ፣ አንተና እኔ ብቻ። ቤዙን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የእንጨቱን ዕድሜ ትነግረኛለህ፤ ፒያኖውም ያንተ ነው። ሲምባሏን ለእኔ ተዋት። እንዲህ ተካፍለን ብንመርጥ፣ ያ መስኮት በመላው የኢዋቴ ክፍለ ሀገር የሌለ መስኮት ይሆናል። ቃልህን አልረሳሁም። ለኑድል ሻጭ ብታከራየው ኑድሉን እየበላሁ በሩ ላይ እተኛለሁ።

ከመርሳቴ በፊት፣ ፌንጣዎቹን ለጋሽ ሺሞቶማይ እንዳትመልሳቸው። ሜዳ ላይም እንዳትለቃቸው። ዱባቸውን ስጣቸው፤ ውሃ አርከፍክፍላቸው፤ በረንዳው ላይ ይቆዩ። ዝም ብለዋል ብለህ እንዳትጥላቸው አባዬ። እስክመጣ ድረስ እመነኝ።

ዕድሜህን እንደዚያች ሲምባል ያድርግልህ፤ ተመትታ ቶሎ እንደማትጠፋዋ። እማዬን ሳምልኝ።

ጆሮ የላትም ያልካት ልጅህ