ከድንቹ ጋር የሄደው ምንጭ

መጋቢት ፲፪፣ ረቡዕ

የልጅ ልጄ፣ እንደተናገርሁት ጻፊ፤ አታሳምሪው።

ልጄ አየነው ያመረተውን ድንች ለአዲስ አበባ ሲጭኑ ጥላ ሥር ጋደም እንዳልሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ መኪናው የጫነው ምንጫችንን ነበር። ውሃው በየጆንያው እየተንቦጫረቀ፣ ሰማዩን በላዩ እንደያዘ ዳገቱን ወጣ። "ወዴት ትወስደዋለህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ ሹፌሩ "ይበሉታል፣ አባቴ" አለኝ።

ነቅቼ ወደ ምንጩ ወረድሁ። የከብቶቹ መጠጫ ጭቃ ሆኗል። ለካ ሕልሙ አልዋሸም፤ ያ ድንች በጋውን ሙሉ ከዚህ ምንጭ ሌላ የጠጣው የለም።

አየነው ተከትሎኝ መጣ። "አባዬ፣ ድንቹን የገዛኝ ነጋዴ ሌላ ዙር ትከል ብሎኛል። የነገው የውሃ ተራ የኔ ነው አይደል?"

የመንደሩ የውሃ አባት እኔ ነኝ። ተራ የምሰጠው እኔ፤ ለልጄም አድልቼ አላውቅም።

"ያንተ አይደለም።"

"ታዲያ የማን ነው?"

"የምንጩ። እስኪሞላ ይረፍ።"

"ዘሩን ገዝቻለሁ እኮ! ሰው ጃጁ ይልዎታል።"

"ይበል። ብጃጅም ቃሌ ቃል ነው።"

ሳይሰናበተኝ ሄደ። ከምንጩ ወደ ድንቹ ማሳ የሚወስደውን ቦይ በድንጋይና በጭቃ ደፈንሁት። ውሃው መሄድ ለምዷልና፣ እስኪመሽ ድረስ ድንጋዩን ሲገፋ ሰማሁት።