ሞምባሳ ላይ ስለቀነሳችሁብን አራት ሰዓት

ለተከበሩ የ«ሰማያዊ ማዕበል» የመርከብ ሽርሽር ድርጅት የእንግዶች ደስታ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ፤ ኤፕሪል 2021

ክቡር ሆይ፤

ይህ ክፉ ወረርሽኝ እርስዎንም፣ ቤተሰብዎንም፣ በየወደቡ ታስረው የቆሙ መርከቦችዎንም ሳይነካ እንዳለፈ በሙሉ ልቤ ተስፋ አደርጋለሁ። ለባለቤቴ ለአቶ ሀብተሥላሴ ባለፈው ወር «ናፍቀኸናል» ብላችሁ መጠይቅ ስለላካችሁለት እጅግ አመሰግናለሁ። እኛንም ናፍቆናል። ጃንዋሪ ላይ ስለቀበርነው እሱን ተክቼ የምመልሰው እኔ ሚስቱ ስሜነሽ ነኝ። በአማርኛ መጻፌ፣ ቅጻችሁ «በራስዎ ቃላት ይግለጹ» ስለሚልና የራሴ ቃላት እነዚህ ስለሆኑ ነው። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩትም ከእናንተ ጋር ለመጓዝ የሚያስቡ ወገኖቼ ደስታችንን እንዲካፈሉ ብዬ ነው።

ጥያቄያችሁ «የሞምባሳ የእግር ጉዞዎ እንዴት ነበር?» የሚል ነው። ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ እንድሄድ ይፍቀዱልኝ።

እኔና ሀብተሥላሴ ሞምባሳን በመርከብ ከማየታችን በፊት በስደት ኖረንባታል። እ.ኤ.አ. በ1986 ከአንድ ልብስ ሰፊ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሳለ፣ አስካል የምትባል የሰባት ወር ልጃችንን ወባ ወሰደብን። አንድ አናጢ ከሻይ ማሸጊያ ጣውላ ሣጥን ሠራልን። መኪና የምንከራይበት አልነበረንምና ሀብተሥላሴ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ከተማዋን በእግሩ አቋረጠ፤ እኔም ከኋላው። ለሦስት ሰው ያመለከትንበት የአሜሪካ ፈቃድ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አራት ዓመት ስሟን በመካከላችን አላነሣንም። እሱ የካዚኖ እንግዶችን መኪና ፓርክ ሲያደርግ፣ እኔ የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ኖርን። እዚህ የተወለደችው ልጃችን ማያ እንኳ እህት እንደነበረቻት አታውቅም ነበር። ሀብተሥላሴ ጡረታ በወጣ ሰሞን የእናንተን ብሮሹር ይዞ መጣና «ስሜ፣ እስቲ ባሕር እንይ» አለኝ። ጣቱ ሞምባሳ የሚለው ቃል ላይ ነበር። በአውሮፕላን በቀጥታ መሄድ ምን ከለከላችሁ ይሉን ይሆናል። ለዚያ «ወደ ልጃችን መቃብር እንሂድ» መባባል ያስፈልግ ነበር፤ የሁለታችንም አፍ አልታዘዘም። መርከቧ ግን ምንም ሳንናገር ታደርሰን ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

1. ስለ እግር ጉዞው። በፌብሩዋሪ 2020 አንድ ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወረድን። ደረታችን ላይ ቁጥር ለጥፋችሁ ባለ ባንዲራዋን አስጎብኚ እንድንከተል አዘዛችሁን። ገበያው ጥግ ላይ ቡድናችን ቅመም ሲያሸት እኛ ቀስ ብለን ተለየን። የልብስ ሰፊው ቤት የስልክ መሸጫ ሆኗል፤ የጓሮው የውኃ ጉድጓድ ግን አለ። ሀብተሥላሴ አጠገቡ ቆመና «እዚህ ጋ ነበር የምታጥቢያት» አለኝ። ከዚያ እስከ መቃብሩ ድረስ ስለ እሷ እያወራን ሄድን፤ ፀጉሩን ይዛ አልለቅም ስለማለቷ፣ እሱ ሲዘፍንላት ስለማልቀሷ። መንገድ ላይ ቆመን ሳቅን። ስለዚህ ለእግር ጉዞው ከአሥር አሥር ሰጥቻለሁ፤ እናንተ አልነበራችሁበትምና።

2. ስለ ሰዓቱ። መርከቧ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንደምትጠብቀን ጽፋችሁልን ነበር። የመቃብሩ ጠባቂ ካሪሳ፣ ድንጋይ ያልቆመባቸው መቃብሮች በመዝገብ ብቻ እንደሚታወቁ ነገረን። «መዝገቡን የያዙት ሽማግሌ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ አረፍ በሉ» አለን። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ «ለእንግዶቻችን ምቾት ሲባል» ሁሉም ሰው እስከ ሰባት ሰዓት እንዲመለስ የሚል መልእክት ነበር። ምቾቱ የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ እያሰብኩበት ነው።

«አንቺ ሂጂ፤ እኔ ልቅር» አለኝ ሀብተሥላሴ።

«ፓስፖርታችን እነሱ ጋ ነው። ጥለውን ቢሄዱስ? በዚህ ዕድሜህ ደግሞ እንደገና ስደተኛ ልትሆን ነው?» አልኩት።

ሱሪውን አራግፎ ተነሣ።

3. ስለ ትጋታችሁ። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ገባን። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ መርከቧ ንቅንቅ አላለችም፤ ነዳጅ ትሞላ ነበር። ሀብተሥላሴ መውጫው ላይ ወደቆመው ሠራተኛ ሄዶ «ሁለት ሰዓት ብቻ ፍቀድልኝ፤ ልጄ እዚያ ናት» ብሎ ለመነው። ሠራተኛው ደነገጠ። የተሳፋሪዎችን ዝርዝር አገላብጦ አገላብጦ፣ «ጌታዬ፣ እዚህ ላይ ያላችሁት ሁለት ብቻ ናችሁ» አለው በትሕትና። በእርግጥም የመዝገብ አያያዛችሁ እንከን የለውም። መርከቧ የተነሣችው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባለቤቴ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የመርከቧን አጥር ይዞ፣ ፊቱን ወደ ከተማዋ አድርጎ ቆሞ ነበር። ለእራት ከበረዶ የተቀረጸ ዝሆን አቅርባችሁልናል፤ በጣም ያምር ነበር።

4. ይህኛው እናንተን አይመለከትም። ካዚኖዎቹ ሁሉ ተዘግተው ቤት በዋልንበት ጊዜ ለካሪሳ እንደውል ነበር፤ መዝገቡን የያዙት ሽማግሌ ወረርሽኙን ፈርተው ከቤት አይወጡም ይለን ነበር። ጁን ላይ ሽማግሌው ማረፋቸውን፣ መዝገቡንም የት እንዳኖሩት የሚያውቅ እንደጠፋ ነገረን። ሀብተሥላሴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ። ጃንዋሪ ላይ ሆስፒታል ሲተኛ በስልክ ብቻ ነበር የማገኘው። «ያን ቀን ዝም ብዬ ብተውህ ኖሮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይ እንጂ ስሜ፤ እኔም እኮ እግሬን አሞኝ ነበር» አለኝ እያለከለከ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ለማምጣት ሲሮጥ የኖረ ሰው ነው፤ እግሩን አሞት አያውቅም። በሦስተኛው ቀን አረፈ። እንዲህ ያለውን ቅሬታ የሚቀበል ክፍል ካላችሁ አድራሻውን ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

ኢሜይላችሁን የከፈተችው ማያ ናት። «ማሚ፣ ዳዲና አንቺ ቱሩን ስኪፕ አድርጋችኋል ይላል። የት ሄዳችሁ?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ከሻይ ሣጥኑ ጀምሬ ሁሉንም።

«እህት አለችኝ?» አለች በመጨረሻ።

አማርኛዋ ያለፈውን ካለው ጋር ያምታታባታል። አላረምኳትም። «አዎ፣ አለችሽ» አልኳት፤ ተቃቅፈን አለቀስን። እኔና አባቷ በሕይወቷ ሙሉ ያልደፈርነውን መጠይቃችሁ በአንድ ጠዋት አስነግሮኛልና፣ ለዚህ ብቻ ያለ አንዳች ሽሙጥ አመሰግናችኋለሁ።

ሰዓት አክባሪነታችሁን እስከ ዕለተ ሞቷ የማትረሳው፣ የቀድሞ እንግዳችሁ፣

ስሜነሽ
የሀብተሥላሴ ባለቤት፣ የአስካልና የማያ እናት

ከፊርማ በኋላ፦ እኔና ማያ በሚቀጥለው ወር መዝገቡን ከካሪሳ ጋር ልንፈልግ በአውሮፕላን ወደ ሞምባሳ እንሄዳለን። መዝገቡ ባይገኝ እንኳ ሣሩን በእጃችን እየገለጥን እናያለን። ማያ ትኬቱን ስትቆርጥ «መመለሻውን መቼ ላድርገው?» ብላ ብትጠይቀኝ «ክፍት ተዪው» አልኳት። «ከእኛ ጋር እንደገና ይጓዛሉ?» ለሚለው የመጨረሻ ጥያቄያችሁ ሌላ መልስ እንዳይጠብቁ በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ።